ሥራ አስኪያጁ ሰላም ሳይለኝ አለፈ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ መልሼ ሳላነበው ልላከው።

ዕድሜዬ 29 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ቴለር ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። የዛሬ አምስት ወር፣ በደሞዝ ሰሞን፣ ማታ ሒሳብ ስዘጋ 10 ሺህ ብር ጎደለኝ። ለአንዱ ደንበኛ አንድ እስር ባለመቶ አስበልጬ ሰጥቻለሁ ማለት ነው። ለማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከዕቁብ ጓደኛዬ ተበድሬ በማግስቱ ተካሁት። ማንም አልጮኸብኝም። ሥራ አስኪያጁም «ያጋጥማል፤ ተጠንቀቂ» ብሎ አለፈው።

እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። አሁን እያንዳንዱን ብር ማሽኑ ከቆጠረው በኋላ አራት ጊዜ በእጄ እቆጥራለሁ። ሰልፉ ይረዝማል፣ ደንበኛው ያጉረመርማል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ቀኑን ሙሉ «ሊያባርረኝ ነው» ስል ዋልኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ የመልቀቂያ ደብዳቤ በጭንቅላቴ ስጽፍ ነጋ። ባልደረቦቼ ሻይ ክፍል እየሳቁ ቆይተው እኔ ስገባ ዝም ካሉ ስለ እኔ ነው ሲያወሩ የነበረው። ሌባ ናት የሚሉኝ ይመስለኛል።

ድሮም የማልረባ ነኝ። እስከዛሬ ሳይጎድልብኝ የቆየሁትም በዕድል ነው። ታናሽ ወንድሜ በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተናን ያላለፈው በእኔ ጥፋት ነው። አስጠኚ ልቀጥርለት ቃል ገብቼ አልቻልኩም። ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ የምልከውም በዕዳው ምክንያት ቀንሷል።

ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ከአልጋ አልወርድም። እሁድ እሁድ ጎረቤቴ ካሉት እናት ጋር ቡና እንጠጣ ነበር፤ እሱንም ትቻለሁ። ጓደኞቼ «ኧረ አታስቢ፣ ተይው» ይሉኛል። አለማሰብ ከቻልኩማ ምን ቸገረኝ! እናቴ ጠበል ግቢ ትላለች። አንዷ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂጂ አለችኝ። አማኑኤል ታየች ቢባልስ? አንዳንድ ሌሊት ተኝቼ ባልነሳ እላለሁ። ሥራውን ልልቀቅ? ምን ይሻለኛል?

ቆጥራ የማታበቃው፣ ከአዲስ አበባ

*

እህቴ፣ መልሰሽ ሳታነቢው በመላክሽ ደግ አደረግሽ። አንብበሽው ቢሆን ለአራተኛ ጊዜ ታጠፊው ነበር።

ስለ ብሩ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደብዳቤሽ መጨረሻ አካባቢ ቸኩለሽ ያለፍሽው ቃል አለ፤ «ተኝቼ ባልነሳ» ያልሽው። በጣም የደከመው ሰው እንዲህ ይመኛል። ስላልሽው አልደነገጥኩም፤ አንቺም ስላልሽው አትፈሪ። ግን ምኞቱ እዚያው ላይ ይቆማል? ወይስ ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል? መጥቶ ከሆነ የቀረውን ለነገ ተይው። አሁኑኑ ለምታምኚው ሰው ደውዪና «ብቻዬን መሆን አልፈልግም» በዪ። አብሮሽ ይሁን፤ ዛሬውኑ በአቅራቢያሽ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዞሽ ይሂድ። «በዚህ ነገር ሰው አላስቸግርም» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል። እሱን አትስሚው። ምኞት ብቻ ከሆነም ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ «አታስቢ»። ጓደኞችሽ ክፋት የለባቸውም። እኛ አገር ለሐዘንም፣ ለዕዳም፣ ለፍቅርም የምናዝዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ አታስቢ። ችግሩ መድኃኒቱ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። ተማሪዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ነገራቸው። ድቡ ትዝ ባላቸው ቁጥር ደወል እንዲደውሉ። ደወሉ ደጋግሞ ጮኸ። ቆይቶ «አሁን ስለ ድቡ ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ ደግሞ፣ መጀመሪያውኑ ካልተከለከሉት ተማሪዎች በላይ አሰቡ። የአንቺ ነጭ ድብ 10 ሺህ ብር ነው። ይኸው አምስት ወር ሙሉ ስታባርሪው፣ ሲመለስ።

ስለዚህ እኔ አታስቢ አልልሽም። አስቢ። ግን ቁጭ ብለሽ፣ እስክሪብቶ ይዘሽ፣ እንደ ቴለር አስቢ።

ምን ማለቴ መሰለሽ? ደንበኛ ባለሁለት መቶ ሲሰጥሽ ዝም ብለሽ መሳቢያ ውስጥ አትከቺም። በጣትሽ ትዳብሺዋለሽ። ካጠራጠረሽ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገሽ ክሩን ታያለሽ። ደንበኛው የቱንም ያህል ቢቸኩል፣ ቢቆጣም እንኳ፣ ሳታዪ አትቀበዪም። ሐሳብ ሲመጣ ግን እንዲህ አታደርጊም። «ሊያባርረኝ ነው» የሚል ወረቀት በመስኮቱ ገባ። ሳትዳብሺው፣ ሳታገላብጪው ተቀበልሽ። ከዚያ እስኪነጋ ወለዱን ስትከፍዪ አደርሽ።

ይህን ነገር መጀመሪያ በሕክምና መልክ ካስያዙት ሰዎች አንዱ አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በድባቴ የተያዙ ሕሙማኑን ሲያዳምጥ፣ ከሚናገሩት ንግግር ሥር ሌላ ንግግር እንዳለ አስተዋለ። ሳይጠሩት ብልጭ የሚል ነው፤ አጭር፣ ፈጣን። «አልረባም»፣ «ጠሉኝ»፣ «አለቀልኝ»። ሕሙማኑ ይህን ሐሳብ እንደ እውነት እንጂ እንደ ሐሳብ አያዩትም። ቤክ እያንዳንዱን እያወጣ ከሕመምተኛው ጋር ይመረምረው ጀመር፤ ከዚያም ዛሬ በብዙ አገር የሚሰጠው የንግግር ሕክምና መጣ። ሰውየው ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፣ በ100 ዓመቱ። እኔ ደስ የሚለኝ ሕሙማኑን «ተሳስታችኋል» አለማለቱ ነው። እስቲ አብረን እንየው ነው የሚለው።

እኛም አንዱን አብረን እንየው። የሥራ አስኪያጁን።

ቅርንጫፋችሁ ውስጥ የጥበቃ ካሜራ አለ አይደል? ያን ጠዋት የተቀዳውን ብናይ ምን እናያለን? አንድ ሰውዬ በአንድ መስኮት አጠገብ ሲያልፍ። በቃ። «ሊያባርረኝ ነው» ካሜራው ላይ የለም። እሱን የጨመርሽው አንቺ ነሽ። የጨመርሽውም ሞኝ ስለሆንሽ ሳይሆን ስለደነገጥሽ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። አንቺ የዛሬ አምስት ወር እውነተኛ እባብ አይተሻል። አሁን መንገዱ ላይ የወደቀው ልጥ ሁሉ ይሳባል።

ለማባረሩ ማስረጃ ምን አለሽ? ሰላም አለማለቱ። ሌላስ? ካለ ጻፊው፤ አልከለክልሽም። ባለመባረርሽ በኩልስ? ብሩ ሲጎድል፣ ለመቆጣት ምክንያት በነበረው ቀን፣ ራሱ «ያጋጥማል» ብሎሻል። ብሩን በማግስቱ ተክተሻል። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ካዝና እያስረከበ ሲያሠራሽ ቆይቷል። የማያምናት ሴት እጅ ላይ በየቀኑ ያን ሁሉ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ሥራ አስኪያጅ አላውቅም። ደግሞ ልጠይቅሽ፤ ያን ጠዋት ሌሎቹን ሰላም ብሏል? ስልክ እያናገረ ነበር? ወይስ ፊቱ ራሱ የተጨነቀ ሰው ፊት ነበር? አላስተዋልሽ ይሆናል። የደነገጠ ሰው ሌላ ነገር አያይም።

እኔም ልናዘዝልሽ። አንድ ጊዜ የልብ ጓደኛዬ አራት ቀን ስልኬን ሳታነሳ ቀረች። ሠርግ ላይ ስለ ቀሚሷ የተናገርኩት ቀልድ ትዝ አለኝና ይቅርታ መለማመድ ጀመርኩ፤ በአራተኛው ቀንማ ንግግሩ መግቢያና መደምደሚያ ሁሉ ነበረው። ስልኳን ታክሲ ተራ ላይ ሰርቀዋት ነው። ቀልዱን ጨርሶ አላስታወሰችውም። ሰውን መምከር ሥራዬ ሆኖ ሳለ ይህን ያደረግሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ከላይ ሆኜ እንደማላይሽ እወቂልኝ።

ታዲያ «ሊያባርረኝ ነው» በሚለው ፈንታ ምን ይጻፍ? «ሁሉ ነገር ሰላም ነው፣ ሥራ አስኪያጁ ይወደኛል» የሚል እንዳይሆን። እሱም ያልተመረመረ ብር ነው፤ ልብሽም አይቀበለውም። እኔ እንዲህ ብጽፈው እመርጣለሁ፦ «ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ነገ ቀድሜ ሰላም እለዋለሁ።» ደስ የሚል ነገር የለበትም፤ ግን ከእሱ ጋር መተኛት ይቻላል።

የሻይ ክፍሉም የዚሁ ዘመድ ነው። የሰው ልብ እያነበብሽ ነው። ጠንቋይ ቤት መሄድ ነውር ነው የምንል ሰዎች፣ ስንጨነቅ ራሳችን ጠንቋይ ሆነን እናርፋለን። ሰው ስለ እኛ የሚያስበውንም፣ ከነገ ወዲያ የሚደርስብንንም እናውቃለን። «ሌባ ይሉኛል» ያልሽው ላይ ግን አንድ ከራስሽ መሥሪያ ቤት የሚወጣ ማስረጃ ልስጥሽ። ብዙ ባንኮች ለቴለር ከደሞዙ ጋር ለጉድለት ተብሎ አበል ይከፍላሉ። የደሞዝ ወረቀትሽን አውጪና እዪው። ይህ አበል ለምን ኖረ? ቀኑን ሙሉ ብር የሚቆጥር ሰው አንድ ቀን እንደሚሳሳት ባንክ ስለሚያውቅ ነው። ቀድሞ በጀት ይዞለታል። አንቺ ብቻ ነሽ ለራስሽ በጀት ያልያዝሽላት።

ቀጥሎ «ድሮም የማልረባ ነኝ፣ እስከዛሬም በዕድል ነው» ያልሽው። ይህኛው ቁጥር ስላለው በቁጥር እንየው። በዓመት 280 ቀን ብቻ ብትሠሪ እንኳ በስድስት ዓመት 1,680 ማታ ሒሳብ ዘግተሻል። አንዱ ማታ ጎደለ። 1,679ኙ ዕድል፣ አንዱ ማንነት? በየትኛው ባንክ ነው ሒሳብ እንዲህ የሚዘጋው? ደግሞ ስድስት ዓመት ካልሽ፣ መስከረም 2013 ላይ ብሩ ሲቀየር መስኮት ላይ ነበርሽ ማለት ነው። ያን ጊዜ ትዝ ይልሻል። ሦስት ወር፣ ሰው አሮጌ ብሩን በፌስታል ተሸክሞ ይመጣል፤ አዲስ ባለሁለት መቶ፤ ያልለመደው እጅ፤ በር ድረስ ሰልፍ። እንደነገርሽኝ ያኔ አልጎደለብሽም። ይህን በየትኛው ዕድል ታሳብቢዋለሽ?

ድባቴ እንዲህ ነው የሚሠራው። ጥሩውን ሲያገኝ «አይቆጠርም» ይላል፤ መጥፎውን ሲያገኝ ማኅተም ያደርግበታል። ከዚያ ደረትሽ ሲጨንቀው ጭንቀቱን ራሱን ማስረጃ ያደርገዋል፤ «ይህን ያህል ከተሰማኝማ እውነት ቢሆን ነው» ያሰኛል። ስሜት ግን ደረሰኝ አይደለም። የሚሰማሽ እውነት ነው፤ አልክድሽም። ስለተሰማሽ ብቻ የሆነ ነገር ሆነ ማለት ግን አይደለም።

የወንድምሽ ነገር ልቤን ነክቶታል። ቃል ገብተሽለት ነበር፤ አልሆነልሽም። ማዘንሽ ተገቢ ነው። ግን በ2016 ዓ.ም. ያን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከመቶው ወደ 95ቱ አላለፉም። የእነዚያ ሁሉ ልጆች እህት አንቺ ነሽ እንዴ? እስቲ ባዶ ወረቀት ላይ አንድ እንጀራ የሚያክል ክብ ሥሪ። ወንድምሽ ላለማለፉ ድርሻ ያላቸውን አንድ በአንድ እየቆረስሽ ስጪ። ለትምህርት ቤቱ። ለትምህርቱ አሰጣጥ። በመሃል ትምህርት ለተቋረጠባቸው ጊዜያት። ለፈተናው ክብደት። ለራሱ ለልጁ። የራስሽን ድርሻ መጨረሻ ላይ ቁረሺ፤ መጀመሪያ ከቆረስሽ ሙሉውን ትወስጂዋለሽ፤ አውቅሻለሁ። የቀረልሽን ቁራሽ እዪው። ባዶ አይሆን ይሆናል፤ ትንሽ ድርሻ ይኖርሻል። ያቺን ትንሿን ይዘሽ ወንድምሽን «አሁን ምን ላግዝህ?» በዪው። ከአልጋ ውስጥ ሆኖ ሙሉውን እንጀራ ከመሸከም ያ ይሻላል።

ያገላበጥነው ሁሉ ሐሰተኛ ሆነ ማለት እንዳልሆነ ግን ልብ በዪ። አንድ እውነተኛ ብር ደብዳቤሽ ውስጥ አለ፤ ዕዳሽ። ዕዳ አለብኝ፣ ለእናቴ የምልከው ቀንሷል ማለትሽ የተጣመመ አስተሳሰብ አይደለም። ይህ የሚከፈል እንጂ የሚመረመር ሐሳብ አይደለም። ስንት ቀረ? በወር ስንት ብትከፍዪ በስንት ወር ያልቃል? አበዳሪሽ ጓደኛሽ ስለሆነች ፕሮግራሙን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ለእናትሽም «ለጥቂት ወር ይቀንሳል» ብለሽ ንገሪያት። ጠበል ግቢ የምትልሽ እናት ጭንቀትሽን ድሮ አውቃለች፤ የደበቅሽላት ምክንያቱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ እጅሽ እንምጣ። አራት ጊዜ መቁጠርሽ ጥንቃቄ ይመስላል። ነገር ግን አምስት ወር ቆጥረሽ ጭንቀቱ ቀነሰ ወይስ ጨመረ? እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሰዎችን በኮምፒውተር ላይ በተሠራ የጋዝ ምድጃ ፈትነዋል። ምድጃው መዘጋቱን ደጋግመው ደጋግመው እንዲያረጋግጡ አደረጓቸው። ደጋግመው ያረጋገጡት ሰዎች ትዝታቸው ደበዘዘ፤ በትዝታቸውም ላይ ያላቸው እምነት ወረደ። ጥርጣሬው የሚያድገው በማረጋገጡ ነው። አንቺም በአራተኛው ቆጠራ ላይ ከመጀመሪያው ይልቅ እርግጠኛ አይደለሽም፤ ተሳሳትኩ?

ስለዚህ አንድ ሙከራ ላቅርብልሽ። በአንድ ጊዜ ከአራት ወደ ዜሮ አትውረጂ፤ አይቻልሽም። በመጀመሪያው ሳምንት ከማሽኑ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻ ቁጠሪ። ጠዋት ሥራ ሳትጀምሪ በማስታወሻሽ ላይ ግምትሽን ጻፊ፦ «ሁለት ጊዜ ብቻ ብቆጥር ዛሬ ይጎድለኛል፤ እርግጠኛነቴ ከመቶ ይህን ያህል ነው።» ማታ ስትዘጊ ከጎኑ የሆነውን ጻፊ። ምንም አትከራከሪው፤ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጪ። በሁለተኛው ሳምንት ባንኩ የሚጠይቀውን ያህል ብቻ ቁጠሪ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረትሽ ይመታል፤ ሙከራው ስለከሸፈ አይደለም። ምናልባት በመሃሉ ትንሽ ብር ይጎድል ይሆናል፤ አይጎድልም ብዬ አልምልልሽም። ያን ቀንም ከመሣቀቅሽ በፊት ወደ 1,680ው ተመለሺ።

ሥራውን ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ ከፈለግሽ አስተያየቴን ልንገርሽ፤ አሁን አትልቀቂ። ቴለርነት የመጨረሻ ሥራሽ ነው እያልኩ አይደለም። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የተጻፈ የመልቀቂያ ደብዳቤ የሚናገረው ስለ ጉድጓዱ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተጻፈ ከሆነማ ጭራሽ። ለጥቂት ሳምንት ብር ወደማይነካበት ክፍል እንዲያዛውሩሽ መጠየቅም ትችያለሽ፤ አላሳፍርሽም። እኔ ግን ትንሽ እፈራዋለሁ። ከሸሸሽው መስኮት ጋር ሳትታረቂ ብትቀሪ «ያኔም አልችልም ነበር» የሚለው ሐሳብ አብሮሽ ይዛወራል። መጀመሪያ ሁለት ወር ታከሚ፣ ተኚ፣ ሙከራውን ሞክሪ። ከዚያ ሥራው አሁንም ካስጠላሽ በደህና ጭንቅላት ልቀቂ፤ እኔም ምርቃት እጨምርልሻለሁ።

እስከዚያው እሁድ ቡናው ይመለስ። «ደስ ሲለኝ እሄዳለሁ» ካልሽ አትሄጂም። በድባቴ ጊዜ ደስታው መጥቶ አይቀሰቅስሽም፤ እግር ይቀድማል። አንድ ስኒ ብቻ ጠጥተሽ፣ ቶናውን ሳትጠብቂ ብትመለሺም ይቆጠራል። ከቻልሽ ለጎረቤትሽ እናት አንድ ነገር ንገሪያቸው፦ «ሰሞኑን ሐሳብ በዝቶብኛል።» ዚምባብዌ ውስጥ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» የሚሉት ነገር አለ፤ ቃል በቃል ብዙ ማሰብ ማለት ነው። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአገሩ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሐራሬ ውስጥ አያቶችን አሠለጠነ። ጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሐሳብ የበዛበትን ሰው ያዳምጣሉ፤ ችግሩንም አንድ በአንድ አብረውት ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት፣ በአያቶቹ የታገዙት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ምልክቶቻቸው ከሌሎቹ ታካሚዎች በእጅጉ ቀንሰው ተገኝተዋል። ጎረቤትሽ ሥልጠና የላቸውም። ረከቦትና ጆሮ ግን አላቸው።

ሐኪሙም ይሁን። አዝኖ መዋል፣ ነገር ሁሉ መሰልቸት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከቆየ ሐኪም የሚያየው ነገር ነው፤ የአንቺ አምስት ወር ሆኖታል። የግድ አማኑኤል መሄድ የለብሽም፤ ብትሄጂም ነውር የለበትም። ሌሎች አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው፤ ከአካባቢሽ ጤና ጣቢያ መጀመርም ትችያለሽ። ሐኪሙ የደም ማነስና የእንቅርት ምርመራ ቢያዝ አትገረሚ። ሁለቱም ድካምና የልብ ምት እየፈጠሩ ጭንቀት የሚመስሉበት ጊዜ አለ። «ተኝቼ ባልነሳ» የሚለውንም ንገሪው፤ እሱን ዘለሽ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብቻ ብለሽ እንዳትወጪ። ጠበሉን በተመለከተ ከእናትሽ ጋር መጣላት አያስፈልግም። ጠዋት ጠበል፣ ከሰዓት ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ሞልቷል። መድኃኒት ከታዘዘልሽ ግን ሐኪሙን ሳታማክሪ እንዳታቋርጪ። «ታየች ቢባልስ» ላልሽው ደግሞ፣ እሱንም ወረቀቱ ላይ አስፍሪው። ማን ይላል? የሚለው ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብሮሽ ይነቃል?

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ዛሬ አድርጊ ብባል ማስታወሻ ደብተር ግዢ ነው የምለው። ትንሽ፣ ኪስ የምትገባ። ገጿን በሦስት ክፈያት፦ ካሜራው ያየው፣ እኔ ያልኩት፣ ማስረጃው። ሌሊት ስትነቂ ሐሳቡን አንድ መስመር ጻፊና «ማታ 12 ሰዓት ላይ አይሻለሁ» ብለሽ ዝጊው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሩብ ሰዓት ቁጭ ብለሽ መርምሪው። መጀመሪያ ላይ ሦስተኛው ረድፍ ባዶ ይሆንብሻል፤ ሲከብድሽ «ይህን ያለችኝ አጠገቤ ያለችው ቴለር ብትሆን ምን እላት ነበር?» ብለሽ ጻፊ። ለሰው ደግ እንደሆንሽ ከደብዳቤሽ ታውቆኛል።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሲገባ ቀድመሽ «እንደምን አደሩ» በዪው። ምን እንደመለሰልሽ ጻፊልኝ። ከመሄድሽ በፊት ግን ምን ይላል ብለሽ እንደገመትሽም አብረሽ ጻፊ።